የተነካካ ካርድ ይገዛል ወይ? ለካርድ ደረጃ ሰጪዎች፣ ለሻጮችና ለሰብሳቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ካርድን መርምራችሁ፣ ከ10 ነጥብ ሰጥታችሁ በፕላስቲክ ለምታሽጉ የካርድ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች፣
ለጨረታ ቤቶችና ለሻጮች፣
እንዲሁም እንደኔ በዚህ ፍቅር ለተያዛችሁ ሰብሳቢዎች በሙሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገችኝ ከመዳፌ የማትበልጥ አንዲት ካርድ ናት። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረች፣ የተጫዋች ምስል የታተመባት የቤዝቦል ካርድ። ከ1909 እስከ 1911 በአሜሪካ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይወጣ ከነበረው፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 ብለን ከምንጠራው ስብስብ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተጫዋቹ ዝነኛ አይደለም። ዋጋዋም ሰማይ የሚነካ አልነበረም። እኔ ግን ወደድኳት። ቀለሟ አልደበዘዘም። ጥጎቿ ሹል ናቸው። ለዕድሜዋ ተአምር ናት አልኩ።

ተአምሩ የቆየው ሦስት ዓመት ነው።

አንድ ቀን ካርዶቼን ሳስተካክል ከዚያው ስብስብ በሆነች ሌላ ካርድ ላይ ደረብኳት። ከሥር ያለችው በጎን ብቅ አለች። በደንብ ያልደረብኩ መስሎኝ እንደገና አስተካከልኩ። ያው ነው። መለኪያ አምጥቼ ለካሁ። የቲ206 ካርድ ወርዱ ወደ 36.5 ሚሊ ሜትር ነው። የኔዋ 34.3 ሆነች። ጀርባዋ ላይ የታተመው የሲጋራ ስም አሜሪካን ቢውቲ ቢሆን ኖሮ ተስፋ አደርግ ነበር፤ ያ ስም ያለባቸው ካርዶች ከፋብሪካም ጠበብ ብለው ነው የወጡት። አይደለም። ማጉያ መነጽር ይዤ ጠርዞቿን አንድ በአንድ አየሁ። ሦስቱ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ ወይበዋል። አራተኛው ነጭ ነው። ትናንት የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል።

አንድ ሰው ያረጀውን ጠርዝ በምላጭ ወስዶታል።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፤ «እኔ እንደገዛሁት ነው የሸጥኩት» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። እሱም እንደኔ ከሌላ ሰው ገዝቷል፤ ያም ከሌላ። ምላጩን የያዘው ሰው ትርፉን ይዞ ከሄደ ቆይቷል። እዳው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔ ጋር ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እሱ ላይ ስለሆነ። ካርዷን ለሌላ ሰው ልሽጣት ብዬ አሰብኩ። ፎቶ አንስቼ «ቀለሟ ደማቅ፣ ጥጓ ሹል» ብዬ ባወጣት ማን ያውቃል? አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ጥጓ ሹል ነው፤ የተሳለው በምላጭ ነው እንጂ። ሁለት ሌሊት ይህን ሳመላልስ አደርኩ። ያጓጓኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «የተከረከመች ናት» ብዬ እውነቱን ብጽፍ ሰው ሁሉ ፊቱን እንደሚያዞርባት አውቃለሁ። ዋጋዋ መውደቁ ሳይበቃ፣ እኔም የቆሻሻ ሻጭ ተደርጌ ልታይ ነው። ዝም ብል ግን ገንዘቤን አስመልሳለሁ፣ ስሜም በሰላም ይኖራል።

አልሸጥኳትም። ግን ያ ፈተና አንድ ነገር አሳየኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ግን በሽታውን የተናገረውን እየቀጣን፣ የደበቀውን እየሸለምን ነው የኖርነው።

ሰብሳቢዎች ስንገናኝ የማይቀር ጥያቄ አለ። የተነካካ ወይም የታደሰ የድሮ ካርድ ይገዛል ወይ? ብዙዎች ሳያስቡ «በፍጹም!» ይላሉ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዛሬ መልሴ ሌላ ነው። ይገዛል። ምን እንደተደረገበት ተነግሮ፣ ዋጋውም ያንን ተከትሎ ከሆነ በደስታ ይገዛል። የማይገዛው ዝምታው ነው። ደግሞ የተነካካ ካርድን ሁሉ በአንድ ላይ መናቃችን ራሱ ነው ዝምታውን ያመጣው ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ላይ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። «ተነካክቷል» የምትለው ቃል ሥር የማይገናኙ ነገሮች ታጭቀዋል።

ቲ206 የሚለውን ስም ያወጣው ጄፈርሰን በርዲክ ነው። የአሜሪካን ካርዶች በሙሉ በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ፣ ፊደልና ቁጥር ሰጥቶ በካታሎግ ያስቀመጠ ሰው። ሁላችንም የሱ ልጆች ነን ማለት ይቻላል። ከ300,000 በላይ የሚሆነውን ስብስቡን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ታዲያ ካርዶቹን ያስቀመጠው እንዴት ይመስላችኋል? አልበም ላይ በሙጫ ለጥፎ! ዛሬ አንድ ጀማሪ እንዲህ ቢያደርግ እንጮህበታለን። በዚያ ዘመን ግን ካርድ የሚቀመጠው እንዲሁ ነበር። በየቤቱ የነበሩ ልጆችም በደብተር ላይ ለጥፈው ነው ያቆዩልን። ከነዚያ ደብተሮች ላይ ካርዶችን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ሙጫውን አላቀው፣ በመምጠጫ ወረቀት መሃል አድርገው የሚያደርቁ ትዕግሥተኛ ሰዎች አሉ። ሊቶግራፍ የሚባለው የድሮ ህትመት ብዙ ጊዜ ውሃውን ይችለዋል። (የዘመኑን የሚያብረቀርቅ ካርድ እንዳትሞክሩት፤ ይበላሻል።) ይህ መነካካት ነው? በቃሉ ከሄድን አዎ። እኔ ግን ከሞት ማዳን ነው የምለው። እንዲህ የዳነ ካርድ ያለምንም ማመንታት እገዛለሁ።

መቀስ የነካው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ከ1961 እስከ 1963 ፖስት የተባለው የቁርስ እህል አምራች ካርዶቹን ያተመው በካርቶኑ ጀርባ ላይ ነው። ካርዱ ካርድ የሚሆነው ልጁ መቀስ ሲያነሳ ነው። የተጣመመ ጠርዝ ካየሁበት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ምላሱን ነክሶ ሲቆርጥ ይታየኛል። ያ ጠርዝ የታሪኩ አካል ነው።

ወደ ከበደው እንሂድ። በ1971 ቶፕስ የተባለው ካርድ አምራች የጥቁር ጠርዝ ካርዶችን አወጣ። ያምራሉ። ግን ጥቁሩ ቀለም ገና ከመነካቱ ይላጣል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ነጩ ካርቶን ብቅ ይላል። ስለዚህ ማርከር የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። በ1993 የወጡት ማጂክ የተባለው ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ ካርዶችም ጠርዛቸው ጥቁር ስለሆነ ይኸው ይደርስባቸዋል። በርቀት አይታወቅም። በማጉያ ሲታይ ግን ይለያል፤ የማርከሩ ቀለም ወደ ካርቶኑ ጎን ይሰርጋል፤ የፋብሪካው ግን ከላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ካርድ እገዛ ይሆን? ከተነገረኝ፣ አዎ፣ በተላጠው ዋጋ። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አልጨምርም። የተቀባው ማርከር ዋጋ አይጨምርም፤ እንዲያውም የተላጠው ሐቀኛ ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ።

የታጠፈ ካርድን በእርጥበትና በክብደት ተጭኖ ማቃናትም አለ። ይህ ያሳስበኛል። በእጥፋቱ ላይ የወረቀቱ ክር ተሰብሯል፤ መጫን መስመሩን ይሸፍነዋል እንጂ ክሩን አይቀጥለውም። ጊዜ ሲያልፍ፣ አየሩም ሲለዋወጥ መስመሩ ሊመለስ ይችላል። ገዢው ያኔ ካርዱ በኔ እጅ ታጠፈ ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ከዚያ ደግሞ የጎደለ ጥግን እንደገና የሚሠሩ አሉ። ከሌላ ርካሽ የድሮ ካርድ ክር ፍቀው፣ በሙጫ ለውሰው፣ ጥግ አብቅለው፣ ቀለም ቀብተው ይጨርሳሉ። እጅ የሚያስገርም ሥራ ነው። እጃቸውን አከብራለሁ። በሙዚየም ያሉ የወረቀት ጥበቃ ባለሙያዎችም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ሥራ ይሠራሉ። ልዩነቱ እነሱ ሁለት ሕግ አላቸው። የተጨመረው ነገር በተቻለ መጠን ወደፊት መልሶ ሊነሳ የሚችል መሆን አለበት። የተሠራውም ሁሉ ይጻፋል። ሁለተኛው ሕግ ነው የኛን ሰፈር ያልደረሰው።

መከርከም የመጨረሻውና የከፋው ነው። ምክንያቱም የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚወስድ ብቻ ነው። ሙጫ ይለቃል፣ ቀለም ይነሳል። የተቆረጠ ጠርዝ ግን አይመለስም። የጠፋው ደግሞ ባዶ ካርቶን ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የቆረጠበት ምልክት፣ የመቶ ዓመት ወይባነት፣ ካርዱ በማን ኪስ እንደኖረ የሚናገረው ድካም፣ ሁሉም በምላጩ ይሄዳል። የማርከሩ ሰው ቁስሉን ሸፈነ፤ የምላጩ ሰው ግን ምስክሩን አጠፋ። ጥንት ልጆች ካርዳቸውን ሣጥን ውስጥ እንዲገባላቸው ይቆርጡት ነበር፤ ያ ሌላ ነው፣ ማንንም ለማታለል አልነበረም፣ ሲታይም ይታወቃል። እኔ የምለው ያረጀውን አዲስ ለማስመሰል የሚደረገውን ነው።

ይህ የጥቂት ሞኞች ጉዳይ ነው የምትሉ ካላችሁ የቤዝቦል ተጫዋቹን የሆነስ ዋግነርን ካርድ አስታውሱ። ከዚያው ከቲ206 ነው። በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ከቤዝቦል ካርዶች ሁሉ ዝናው የላቀ ነው። ከነዚህ አንዱ፣ ከሁሉም የሚያምረው፣ በ1991 በጨረታ በ451,000 ዶላር ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪ ነበር። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፒኤስኤ የተባለው ደረጃ ሰጪ ለካርዱ ከ10 ነጥብ 8 ሰጠው። ካርዱ እጅ እየቀያየረ በ2007 ዋጋው 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጠርዙ ያጠራጥራል የሚሉ ሰዎች ዓመት ሙሉ ሳይሆን አሥርተ ዓመታት ሲያወሩ ኖረዋል። በ2013 በመጨረሻ ቢል ማስትሮ፣ ካርዱን በ1980ዎቹ ገዝቶ የሸጠውና በኋላ ትልቅ ጨረታ ቤት የመራው ሰው፣ በፍርድ ቤት በማጭበርበር ጥፋተኛ መሆኑን ሲያምን፣ ያንን ካርድ መከርከሙንም አመነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ይኸው ነው። ግን ስንት ዓመት ፈጀ!

ይህን ያነሳሁት ሰውየውን እንደገና ለመክሰስ አይደለም። ፍርዱን ተቀብሎ ታስሮም ነበር። ሌላ ነገር ላሳያችሁ ፈልጌ ነው። በ2021 ሌላ የዋግነር ካርድ ተሸጠ። ደረጃው 3 ነበር። ያረጀ፣ የለፋ፣ ጥጉ የተበላ። ዋጋው ከ6.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በ2022 ደግሞ ደረጃው 2 የሆነ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሰው ያረጀ ካርድን ይወዳል ማለት ነው። ምላጭ ሳያስፈልገው፣ ከነድካሙ። ያንን ጠርዝ ለምን ቆረጡት ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ደረጃ ሰጪዎች።

ሥራችሁን አከብራለሁ። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ካርድ በፖስታ የሚገዛ ሰው የሚያምነው የሻጩን ቃል ብቻ ነበር። ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ካርድ ስንልክላችሁ ተመርምሮ ችግር ከተገኘበት ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከናንተ መሃል ለያንዳንዱ ምክንያት ኮድ ያወጣ አለ፤ ለመከርከም አንድ፣ ለማደስ ሌላ፣ ቀለም ለመቀባት ሌላ፣ ለማጽዳት ሌላ። ካርዱን ለላከው ሰው ኮዱ ይነገረዋል። ያ ሰው ካርዱን ሳይታሸግ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮዱስ? ከወረቀቱ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ነገ ካርዱ ያለ ምንም ምልክት ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ወይም ዕድሉን ለመሞከር ለሌላ ደረጃ ሰጪ ይላካል። እናንተ ያወቃችሁትን እውነት እንዳያውቀው የተፈረደበት የሚቀጥለው ገዢ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ይታሸግልኝ ካለም ፕላስቲኩ ውስጥ ከካርዱ በላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ትክክለኛ፣ የተነካካ» የሚል ብቻ ነው። ምኑ ተነካካ? ሙጫ ለቆለት ነው ወይስ ሩቡ በምላጭ ተወስዶ ነው? ጥጉ ተሠርቶ ነው ወይስ ማርከር ነክቶት? ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። ስለዚህ ገዢ ሁሉንም በእኩል ይሸሻል። ስለዚህ ባለቤት ሁሉንም በእኩል ይደብቃል።

ይህ እንዲሆን ግድ አይደለም። ጎረቤቶቻችንን እዩ። የሳንቲም ደረጃ ሰጪዎች ችግር ያለበትን ሳንቲም ሲያሽጉ ምክንያቱን እላዩ ላይ ይጽፋሉ፤ ተጠርጓል፣ ተቧጥጧል፣ ተበስቷል ብለው። የኮሚክ መጽሐፍ ደረጃ የሚሰጠው ሲጂሲ የታደሰን መጽሐፍ በሐምራዊ መለያ ያሽጋል፤ ምን እንደተሠራበትም በዝርዝር ያሰፍራል፣ «ሽፋኑ ላይ ጥቂት ቀለም ተነክቷል» እስከማለት ድረስ። ሐምራዊ መለያ ያለው መጽሐፍ ርካሽ ነው። ግን ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ማንም ሳይሳቀቅ ይዞት ይዞራል። የፊልም ፖስተር ሰብሳቢዎችማ ከዚህም አልፈዋል፤ ፖስተሩ በጨርቅ ላይ ተለጥፎ መጠገኑ እንደ ነውር አይታይም፣ ሻጩ ራሱ በማስታወቂያው ላይ ይጽፈዋል።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምክንያቱን መለያው ላይ ጻፉት። ሁለተኛው ከበድ ይላል፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ተመርምሮ የወደቀን ካርድ ሁሉ ፎቶውን ከነምክንያቱ ማንም ገብቶ በሚያየው መዝገብ ላይ አስቀምጡ። የድሮ ካርድ ሁሉ የራሱ አሻራ አለው። የህትመቱ ነጠብጣብ፣ የቀለሙ መንሸራተት፣ የካርቶኑ ክር በሁለት ካርድ ላይ አንድ አይሆንም። በ2019 ይህን ያሳዩን ተራ ሰብሳቢዎች ናቸው። የድሮ የጨረታ ፎቶዎችን እየፈለጉ፣ በኋላ ከፍ ባለ ደረጃ ታሽገው ከተሸጡ ካርዶች ጋር ነጥብ በነጥብ ሲያስተያዩ አንድ ካርድ ሆኖ አገኙት። በፊት ጠርዙ የተበላ፣ በኋላ ቀጥ ያለ። በአሜሪካ ጉዳዩ እስከ ፌዴራል መርማሪዎች ደረሰ። እነዚያ ሰዎች የነበራቸው ኮምፒውተርና ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። እናንተ ማሽኑም፣ ባለሙያውም፣ ካርዱም እጃችሁ ላይ ነው።

የካርዱ ባለቤት ይከፋዋል ትሉ ይሆናል። ሊከፋው ይችላል። ደንበኛችሁ ነውና ታስቡለታላችሁ። ግን ነገ የሚገዛውም ሰው የሚገዛው የናንተን ስም አምኖ ነው። እሱንም ቁጠሩት።

ለሻጮች ብዙ አልጽፍም። የምታውቁትን ጻፉ። የምትጠረጥሩትንም ጻፉ። «እንዳለ ነው የሚሸጠው» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምትገባው ሻጩ መለኪያ ይዞ ያየውን ላለመናገር ነው። የካርዱን ስፋት በሚሊ ሜትር መጻፍ አንድ መስመር ነው። አራቱን ጠርዝ ቀርቦ ፎቶ ማንሳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ከናንተ ከሰብሳቢዎች ጋር ላውራ። ወገኖቼ ናችሁና ጠንከር ብል አትቀየሙኝ።

የታደሰ ካርድ ይዞ የመጣን ሰው አታሸማቅቁ። አንድ ሰው በደመወዙ፣ ጎዲ የተባለው ማስቲካ አምራች በ1933 ያወጣውን ካርድ መያዝ ቢፈልግ፣ ጥጉ የተሠራለትን በትንሽ ዋጋ ገዝቶ ቢደሰት ምን አጠፋ? ፊቱ ያው ፊት ነው፣ ቀለሙም ያው የዚያ ዘመን ቀለም ነው። እሱ የገዛው ካርዱን ነው፤ ቁጥሩን አይደለም። እኛ ግን ሰውየው ፎቶውን ባሳየ ቁጥር «ውይ፣ ገንዘብህን ጣልከው» እንለዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ ጥጉ መሠራቱን አይነግረንም። ካርዱን ሲሸጥም አይናገርም። እንዲህ ነው አንድ ሐቀኛ ሰው የምናጣው።

ትርፍ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትገዙት ግን ምክሬ ሌላ ነው። ከተነካካ ካርድ ራቁ። ርካሽ ሲገዛ ደስ ይላል፤ ሲሸጥም ያው ርካሽ ነው። ያን ጊዜ ነው «ባልናገርስ?» የምትለው ሐሳብ የምትመጣው። እኔ አልፌባታለሁ። እውነቱን ለመናገር የሚያስችላችሁን ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ካርዱን ነገ ከነጉድለቱ ብትሸጡ የማትጎዱበትን ዋጋ ማለቴ ነው።

ዓይናችሁንም አሠልጥኑ። ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ሚሊ ሜትር የሚለካ መለኪያና አልትራቫዮሌት መብራት ይበቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመር ኬሚካል መጣ፤ ይህ ኬሚካል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከጦርነቱ በፊት የታተመ ካርድ አንድ ጥጉ ብቻ ቦግ ካለ ያ ጥግ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። አለማብራቱ ግን ነጻ አያወጣውም፣ ከድሮ ካርድ የተፋቀ ክር ከሆነ አይበራምና። መለኪያውንም ብቻውን አትመኑት። የድሮ ፋብሪካ አቆራረጥ እንደ ዛሬው እኩል አልነበረም፤ አጠር ያለ ካርድ ሁሉ የተከረከመ አይደለም፣ ሙሉ ልክ ያለው ሁሉም ያልተከረከመ አይደለም። ሰፋ ብሎ ከፋብሪካ የወጣውን ከርክመው ልኩ ላይ የሚያቆሙት አሉ። ስለዚህ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አስተያዩ። አራቱም አብረው ያረጁ መሆን አለባቸው። ጥጉ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ የካርዱ ፊት ከተጫጫረ፣ ሁለቱ አንድ ሕይወት አልኖሩም።

ከሁሉም በላይ ግን የማትወዱትን ርካሽ ስለሆነ አትግዙ፤ የምትወዱትን ደግሞ ሰው ይንቀዋል ብላችሁ አትተዉ።

የኔዋ ካርድ አሁንም አጠገቤ ናት። ተቆጥቼባት አንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ደብቄያት ነበር፤ እሷ ምን አጠፋች ብዬ መልሼ አወጣኋት። ከኋላዋ ትንሽ ወረቀት አድርጌላታለሁ። ስፋቷን፣ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ያወቅሁበትን ቀን ጽፌበታለሁ። ወረቀቱ ግን ሊጠፋ ይችላል። እኔም ለዘላለም አልኖርም።

ስለዚህ፣ ደረጃ ሰጪዎች፣ በሚቀጥለው ወር ካርዷን በፖስታ እልክላችኋለሁ። ክፍያውን እከፍላለሁ። ቁጥር እንድትሰጧት አልጠይቅም። ያገኛችሁባትን መለያው ላይ ጽፋችሁ አሽጉልኝ። ቦታ ጠበበ እንዳትሉኝ፤ «ቀኝ ጠርዝ ተከርክሟል» ሦስት ቃል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ካርድ ሰብሳቢ